የፈንታው አሥራ ሁለተኛ ጎል

ይህ የሆነው ባለፈው ገና ዋዜማ፣ ላሊበላ፣ በገዛ ቤታችን በር ላይ ነው። ታላቅ ወንድሜ ፈንታው ከሞተ ስድስት ወር አልሞላውም ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ሳፋ ውስጥ ውሃ ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል። ትዝ ሲለኝ ደግሞ፣ ሐዘንተኛ ነኝና ሰው ምን ይለኛል እንጂ፣ ሳቄ ይመጣል። ትምህርቴ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው፤ ጽሑፍ ላይ ብዙም አይደለሁም። እንደ መጣልኝ እጽፈዋለሁ።

ፈንታው ኳስ ተጫዋች ነበር፤ አጥቂ። ኳስ የተማረው ከከተማው በላይ ባለች አንዲት ተዳፋት ሜዳ ላይ ነው። የሜዳዋ አንድ ጎን ገደል ነው። ሕጋችን አንድ ነበር፤ ኳሷን ወደ ገደሉ የሰደደ ራሱ ወርዶ ያመጣታል። ወርዶ መመለሱ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ሲመለስ ደግሞ ቦታው በሌላ ሰው ተይዞ ይጠብቀዋል። በኋላ ጋዜጠኞች በረኛ ፊት እንዴት አትስትም እያሉ ሲጠይቁት ስለ ልምምድ ያወራላቸው ነበር። እውነቱ ግን ገደሉ ነው።

መጀመሪያ ወልድያ ላይ፣ በወረዳዎች ውድድር፣ አንድ አሰልጣኝ አየው። ከዚያ ኮምቦልቻ ሁለት ዓመት ተጫወተ። ከዚያ ወደ ደቡብ ወርዶ ፕሪሚየር ሊግ ገባ። ማልያው አሥራ ሰባት ቁጥር ነበር። የአጥቂውን ቁጥር፣ ዘጠኝን፣ ለምን አልወሰድክም ብዬ ብጠይቀው፣ ዘጠኝን የያዘው ሰውዬ ከእኔ ይገዝፋል አለኝ።

ከቤት የሄደ ጊዜ ተስሎ ነው የሄደው። የእኛ ከተማ ለገና በእግሩ የሚመጣውን እንግዳ እግሩን በሞቀ ውሃ አጥቦ፣ የታጠበውን እግር ስሞ ነው የሚቀበለው። ፈንታው በዓመቱ ባገባው ጎል ልክ፣ ለአንድ ጎል አንድ እንግዳ፣ በራሱ እጅ ሊያጥብ ተሳለ። ለገና ክለቡ ሁለት ቀን ይፈቅድለታል፤ መጥቶ አጥቦ ይመለሳል።

ጎል ያገባ ቀን ማታ ይደውልልኛል። ደህና ዋልክ እንኳ አይልም። ‹‹ውሃ አሙቅ›› ይለኛል። በቃ፣ አገባ ማለት ነው።

የመጀመሪያው ዓመት ሁለት ሰው አጠበ። በሚቀጥለው ሰባት። ጉልበቱን ታሞ በከረመበት ዓመት አንድም አላገባም፤ ያን ገና ግን መጥቶ አንድ ሽማግሌ አጠበ። ይሄ ደግሞ የየትኛው ጎል ነው ስለው፣ እጄ እንዳይረሳው ነው አለ።

የመጨረሻው ዓመት ከሁሉም በለጠ። አሥራ አንድ ጊዜ ውሃ አሙቅ አለኝ። ከዚያ የዓመቱ ማብቂያ ጨዋታ ቀን ማታ እንደገና ደወለ።

‹‹ውሃ አሙቅ፤ አሥራ ሁለተኛዋም ገባች›› አለኝ።

እኔ ጨዋታውን በሬዲዮ ስሰማ ነው የዋልኩት። ሬዲዮው ያቺን ጎል ተከላካዩ በራሱ ላይ ነው ያገባት ብሏል። ዳኛውም በተከላካዩ ስም ነው የጻፋት። ስለዚህ ቀለድኩበት። ያቺ ያንተ አይደለችም፣ ቅዱስ ላሊበላንም ልታጭበረብር ነው ወይ አልኩት። ሳቀ።

‹‹ቆይ፣ ስመጣ እነግርሃለሁ›› አለኝ።

አልመጣም። በሦስተኛው ሳምንት ሻንጣውን ለመንገድ እንዳሰናዳ ታመመ፤ ሦስት ቀን ብቻ ተኝቶ ሐምሌ ላይ ሞተ። ያቺን ጎል ከዚያ ቀን በኋላ አላነሳናትም። ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እኔን የሚያብሰለስለኝ ይህ ነበር። ስለ ኳስ የነገርኩት የመጨረሻ ቃል ‹‹ታጭበረብራለህ›› የሚል ሆነ።

ገና ሲቃረብ እናቴ የስለቱን ነገር አነሳች። የነፍስ አባታችን የሞተ ሰው በስለት አይጠየቅም ብለው ሊያሳርፏት ሞከሩ። እሷ ግን፣ ‹‹እሱስ አይጠየቅ አባ፤ እኛ ቁጭ ብለን እንግዳው በደጃችን ሲያልፍ እናያለን?›› አለቻቸው። አባም ይሁን አሉ። ማጠቡ ለእኔ ተሰጠ።

ጠብ የመጣው በቁጥሩ ነው። እናቴ አሥራ ሁለት አለች። እኔ አሥራ አንድ አልኩ። እሷ ልጄ አሥራ ሁለት ካለ አሥራ ሁለት ነው ትላለች። እኔ ደግሞ ዳኛ የጻፈውን እይዛለሁ። አሁን ሳስበው ግትር ያደረገኝ ዳኛው አልነበረም። አሥራ ሁለት ካልኩ እሱን ያለ ጥፋቱ ነው የሰደብኩት ማለት ነው። ያንን መቀበል አቃተኝ።

የዋዜማው ቀን በጠዋት ሳፋ፣ ጆግና ሳሙና ይዤ በር ላይ ተቀመጥኩ። ቤታችን ከኩልመስክ በኩል የሚመጡት በሚገቡበት መንገድ ዳር ነው። እናቴ ከውስጥ በበርሜል ውሃ ታሞቃለች። እንግዳው ነጭ ለብሶ፣ ዱላውን ይዞ፣ አቧራ ለብሶ ይመጣል። አንድ አንድ እያልኩ አጠብኩ። አንድ መነኩሴ እግራቸውን ሲኮረኩራቸው ጊዜ እየሳቁ መረቁኝ። አንዲት ሴትዮ ደግሞ እንቅልፍ ወስዷቸው ስስማቸው ነው የነቁት።

አሥራ አንደኛውን ጨርሼ ሳፋውን ደፋሁት።

እናቴ ወጣች። የተደፋውን ሳፋ አየች፣ እኔን አየች። መንገዱን ስታይ ቆየችና አንዲት የደከሙ እናትና አንድ ረጅም ጎልማሳ ልጃቸውን ይዛ ተመለሰች። እሳቸውን እኔ አጥባለሁ፣ አንተ ልጁን እጠብ አለችኝ። ለስለቱ አይቆጠርም አልኳት። ማን ቁጠር አለህ አለችኝ።

ልጁ ደረጀ ይባላል። ከወልድያ በእግራቸው ተነስተው አራተኛ ቀናቸው ነበር። ጉልበቱን በቀዶ ሕክምና ተሠርቶ እንደዳነ እናቱ በእግር ልንሳለም ተስያለሁ ብለው ነው ያመጡት። ‹‹ሐኪሙ ቀስ እያልክ ተራመድ ነበር ያለኝ። እማዬ ግን ከወልድያ ላሊበላ ነው የመሰላት›› አለኝ። እናቱ፣ ‹‹ታዲያ ቀስ ብለህ አይደለም የመጣኸው? እኔ ስንቴ ቆሜ ጠበቅሁህ›› አሉት።

ጫማውን ሲያወልቅ ደነገጥኩ። የእግሩ አውራ ጣት ጥፍር ጠቁሯል። ሁለተኛው ጥፍር ጭራሽ የለም። ቁርጭምጭሚቱ አብጦ የከረመ ነው። ይህን እግር አውቀዋለሁ። የፈንታው እግር እንዲህ ነበር።

ኳስ ትጫወታለህ ወይ አልኩት። አዎ፣ ተከላካይ ነኝ አለ። የት ስለው የቡድኑን ስም ነገረኝ። ያ የመጨረሻው ጨዋታ የተደረገው ከዚያ ቡድን ጋር ነው።

አቀርቅሬ ማጠቤን ቀጠልኩ። ከቁርጭምጭሚቱ ከፍ ብሎ በውስጥ በኩል አንድ ረዘም ያለ ጠባሳ አለ። ጣቴ እዚያ ላይ ሲያርፍ ራሱ ጀመረ። ያቺ ጠባሳ ጉድ የሠራችኝ ናት አለ።

‹‹አንድ ያገራችሁ ልጅ ነው በታኬታ የቀደደኝ፤ ነፍሱን ይማረውና። ኳሷን እኔ ላወጣ እግሬን ዘረጋሁ፤ እሱ ቀድሞኝ በጫፍ ነካትና ገባች። እኔን ያገኘኝ ታኬታው ነው እንጂ ኳሷን አልነካኋትም። ዳኛው ግን በእኔ ስም ጻፋት። በራሱ ላይ አገባ ተብዬ ስንት ወር ሙሉ ሲሳቅብኝ ከረምኩ። ለበረኛችን ጠባሳዬን ባሳየው እንኳ አላመነኝም።››

ጆጉ እጄ ላይ ቀረ። ልጁስ ምን አለህ አልኩት።

‹‹በረዶ ይዞልኝ መጣ። ጎሌን ሰጡህ ብሎ ሲስቅብኝ ነበር። ሄደህ ለዳኛው ንገረው ስለው፣ ‘የሜዳው ዳኛ ግድ የለም፤ እኔን የሚያሳስበኝ ቤት ያለው ዳኛ ነው’ አለኝ። ታናሽ ወንድም አለው አሉ። እሱ ካላመነ አይቆጠርልኝም አለኝ።››

ከዚያ በኋላ ያለውን በደንብ አላስታውስም። ማልቀሴን አስታውሳለሁ፤ መሳቄንም አስታውሳለሁ፤ የትኛው እንደቀደመ ግን አላውቅም። ደረጀ ውሃው አቃጠለህ እንዴ ይለኛል፤ እግሩ ሳፋው ውስጥ ያለው የእሱ ነው። እናቴ፣ ‹‹አንተ ልጅ፣ ምን ሆነህ ነው? የሰው እግር ይዘህ›› አለችኝ።

ቤት ያለው ዳኛ እኔ ነኝ አልኩት።

ደረጀ መጀመሪያ አልገባውም። ቀና ብሎ በበሩ ሲያይ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን አሥራ ሰባት ቁጥር ማልያ አየ። ከነሳሙናው ተነስቶ ሳፋው ውስጥ ቆመ። ከበዓሉ በኋላ ቤቱን ጠይቆ ሊደርስ እንዳሰበ ነገረን። ወደ እናቴ ዞሮም ቀስ ብሎ፣ ‹‹እማማ፣ ጎሏ የእሱ ናት›› አላት።

እናቴ ነጠላዋን ወደ አፏ ሰበሰበች። እኔ ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ፣ ‹‹እኔማ ነግሬው ነበር›› አለች። ከዚያ ደረጀን ከላይ እስከ ታች አየችው። በየዓመቱ የልጄን እግር አበላልዛችሁ የምትልኩልኝ እናንተ ናችሁ አለችው። ደረጀ ጠባሳውን አሳያት። ‹‹እሱም አልማረኝም እማማ›› አላት። እናቱ ከጎን ሆነው፣ ይኸው ተካክሳችኋል፣ አሁን እግርህን ይጨርስልህና እንግባ አሉ።

ውሃው በርዶ ስለነበር እናቴ አዲስ አመጣች። እንደገና ከመጀመሪያው አጠብኩት። ጨርሼ ስስም፣ እግሩ ላይ ሳይሆን ጠባሳው ላይ ሳምኩት። ኮረኮርከኝ አለ።

ያን ሌሊት አራታችንም አብረን ቤተ ማርያም አደርን፤ እስኪነጋ ቆምን። በማግስቱ ደረጀን ፈንታው ያረፈበት ወሰድኩት። ብዙ አላወራንም። ሲሄድ ስልክ ቁጥሬን ተቀበለ።

ወንድሜ ይናፍቀኛል። ይህን ደብቄ አልጽፍም። ‹‹ቆይ፣ ስመጣ እነግርሃለሁ›› ያለኝ ግን አሁን አያብሰለስለኝም። ራሱ ባይመጣም ነግሮኛል ብዬ ነው የምቆጥረው። በሰው እግር ላይ ጽፎ ነው የላከልኝ።

ግንቦት ላይ አንድ ማታ ስልኬ ጠራ። ደረጀ ነው። ወደ ሜዳ ከተመለሰ ወር አልሞላውም። ደህና ዋልክ እንኳ አላለኝም።

‹‹ውሃ አሙቅ›› አለኝ።

በሕይወቱ አንድ ጎል አግብቶ አያውቅም ነበር። በማን ጎል ላይ ብዬ ጠየቅሁት። ሳቁ ፈነዳ። በእነሱ፣ በእነሱ፣ ጻፈው አለኝ። እናቴ ከውስጥ ሆና ስንት ሆነ አለችኝ። አንድ አልኳት። ሳፋውን አታርቀው አለች።

አላራቅሁትም። ደረጀ ተከላካይ ነው፤ ለመጪው ገና ከአንድ ጆግ በላይ ውሃ የሚያስፈልገን አይመስለኝም። እኔ ግን በርሜሉን ሙሉ ነው የማሞቀው።