አራት ደቂቃ የተባለው ሰዓት ሠሪ

በሰፈሩ ውስጥ እውነተኛ ስሙን የሚያውቅ ሰው ካለ ሚስቱ ናት፤ እሷም ካልተናደደች አትጠራበትም። ሌላው ሁሉ «አራት ደቂቃ» ነው የሚለው። ስሙ የወጣለት አምና ነው።

ሰውየው ሰዓት ሠሪ ነው። ዕድሜው አርባ ስድስት ነው። እኩዮቹ ወገባቸውን ይዘው መነሣትና መቀመጥ በጀመሩበት ሰዓት እሱ ትራያትሎን የሚባል ነገር ጀመረ። ትራያትሎን ማለት በአንድ ቀን፣ አንዱን ጨርሶ ወደሚቀጥለው እየዘለሉ፣ ሁለት ኪሎ ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ውሃ ዋኝቶ፣ ዘጠና ኪሎ ሜትር ብስክሌት ነድቶ፣ በዚያ ላይ ሃያ አንድ ኪሎ ሜትር መሮጥ ነው። ያውም የሚያባርር ሰው ሳይኖር። ይህ ሁሉ በስምንት ሰዓት ተኩል ውስጥ ማለቅ አለበት። ሰዓት ሠሪው አምና በስምንት ሰዓት ከሠላሳ አራት ደቂቃ ጨረሰ።

ጨረሰ ማለትም ይከብዳል። መጨረሻው መስመር ላይ በአየር የሚነፋ ትልቅ በር ነበር፤ ጊዜው አልቋል ብለው ሠራተኞቹ አየሩን እየለቀቁት ሳለ እሱ ከሥሩ ደረሰ፣ በሩም ተኛበት። ሁለት ሰዎች እግሩን ጎትተው ሲያወጡት የመጀመሪያ ቃሉ «ስንት ሰዓት ሆነ?» የሚል ነበር አሉ። ወሬው ከሱ ቀድሞ ሰፈር ገባ። ከሱቁ ጎን ያለው ፀጉር አስተካካይ ወሬ ካገኘ መቀሱን የሚያስቀምጥ ሰው ነውና በማግስቱ ሱቁ ሲከፈት ጠብቆ «እንዴት አደሩ፣ ጋሽ አራት ደቂቃ» አለው። በቃ፣ ስም ሆኖ ቀረ። ሰዓት ሊያሠራ የሚመጣው ሁሉ «አደራህን፣ ይሄኛውን በአራት ደቂቃ ወደ ኋላ እንዳታስቀርብኝ» ይለዋል።

ሰውየው አብሮ ይስቃል። ሳቁ ግን ከጥርሱ አያልፍም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ሰዓት ሲያስተካክል ኖሮ በመዘግየት መጠራት አንጀቱን አሳረረው። ለሚስቱ «ዘንድሮ በጊዜ ካልደረስኩ ሱቁን ነቅዬ ሌላ ሰፈር እሄዳለሁ» አላት። እሷም የምሩን መሆኑን አወቀች፤ ምክንያቱም ሲናገር ሰዓት እየፈታ አልነበረም።

እንግዲህ ስም ያለ ምክንያት አይወጣም። ሰውየው ድሮም ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ የቆመ ነገር አይቶ ማለፍ ስለማይችል ነው። በሠርጉ ቀን ሙሽራዋ ፎቶ ቤት በር ላይ አበባዋን ይዛ አርባ ደቂቃ ጠበቀችው። ለካስ መንገድ ላይ ካለ መድኃኒት ቤት የቆመ የግድግዳ ሰዓት አይቶ ወንበር ላይ ወጥቶ ሲጠግን ነበር። በሠርግ ፎቶው ላይ እስከ ዛሬ የቀኝ እጁ ጣቶች በዘይት እንደጠቆሩ ይታያሉ።

ሚስቱ የምትሠራው የአውቶቡስ መናኸሪያ ስምሪት ክፍል ነው። አንድ ደቂቃ የዘገየ ሹፌር በሷ መስኮት ፊት አንገቱን ደፍቶ ነው የሚያልፈው። እንዲህ ያለች ሴት እንዲህ ያለ ባል ስታገባ ዘዴ መፈለጓ አይቀርም፤ የቤቱን ሰዓት አሥር ደቂቃ ወደ ፊት ገፋችው። እሱ ነቃና መቀነስ ጀመረ። እሷ ጨመረች፣ እሱም ቀነሰ። ከዚህ ሁሉ ትግል በኋላ የወጥ ቤቱ ሰዓት በአሥራ አምስት፣ የመኝታ ቤቱ በሃያ አምስት፣ የእጁ ደግሞ በሃያ ደቂቃ እንዲቀድም ተስማምተው እርቅ አወረዱ። ሴት ልጃቸው መደመር ሳታውቅ መቀነስ ቻለች። የሰፈሩን ሰዓት ሁሉ በሰከንድ የሚያስተካክል ሰው ቤት ውስጥ እውነቱን የሚናገር ሰዓት አንድም አልነበረም።

የዘንድሮው ዝግጅት ታዲያ ሌላ ሆነ። ብስክሌቱ መኝታ ቤት ገባ። ሚስቱ ጠዋት ከአልጋ ስትወርድ ፔዳል ሳትረግጥ ወለል የምታገኝበት ቀን ጠፋ። የዋና ቁምጣው ሱቁ ውስጥ ከግድግዳ ሰዓቶቹ መካከል ተሰቅሎ ይደርቃል። አንዲት ደንበኛ ትልቁን ሰዓት ልትገዛ ጠጋ ብላ ስታዳምጥ የቁምጣውን ጠብ ጠብ ሰምታ «ድምፁ ይረብሻል» ብላ ሄደች።

ሩጫውን ከሥራው ጋር አዋደደው። የተጠገነ የእጅ ሰዓት በደንብ መሥራቱ የሚታወቀው ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ ሳይሆን ክንድ ላይ ሲናጥ ነው። ስለዚህ በየማለዳው የደንበኞቹን ሰዓቶች ክንዶቹ ላይ ደርድሮ ይሮጣል። አንድ ቀን በግራው አራት፣ በቀኙ ሦስት አስሮ ሲሮጥ የባንክ ዘበኛ አየው። ሰባት የእጅ ሰዓት ያሰረ ሰው ገና ሳይነጋ በሩጫ ሲያልፍ ዘበኛ ምን ያስባል? «ቁም» ብሎ ተከተለው። ቆሞ ማስረዳት ሲገባው፣ ሰው ሲያባርረው እግሩ እንዴት እንደሚፈጥን አይቶ ስለጣመው፣ ሁለት ኪሎ ሜትር ዝም ብሎ ሮጠ። ዘበኛው ደክሞት መንገድ ዳር ሲቀመጥ ግን አሳዘነውና ተመለሰ።

«ይኸው እይ» አለ ክንዱን ዘርግቶ። «ሰባቱም አንድ ዓይነት ነው የሚናገሩት። የተሰረቀ ሰዓት እንዲህ ይስማማል?»

ዘበኛው ሰባቱንም አንድ በአንድ አየ። ትንፋሹን ከሰበሰበ በኋላ «የኔም ወደ ኋላ እየቀረ አስቸግሮኛል» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስምንት ሆኑ።

ሰውየው አንድ ሌላ አመል አለው፤ የሰው ዓረፍተ ነገር አያስጨርስም። የዋና አስተማሪው «ትንፋሽህን ስትስብ አንገትህን…» ሲል «አውቃለሁ» ይላል፤ ወዲያው ውሃ ይጠጣል። ሚስቱ «ብስክሌቱን ስታስገባ በሩን…» ስትል «አውቃለሁ» ይላል፤ በሩ ተፍቋል። ይህን አመሉን አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ ኋላ ጉድ የሚያፈላው እሱ ነው።

የውድድሩ ቀን ደረሰ። መነሻው ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ማብቂያው ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነው። የእጁ ሰዓት ከአባቱ የወረሳት፣ በእጅ የምትሞላ፣ ውሃ ሲነካት የምትኮራመት አሮጌ ነች። ስለዚህ ከዋናው እስኪወጣ ድረስ ለሚስቱ ሰጥቷት ወደ ሐይቁ ገባ። እሱ ውሃ ሲያንቦጫርቅ ሚስቱ ያደረገችውን አላየም፤ እኛ ግን እንወቀው። ሰዓቷን መዳፏ ላይ አድርጋ ብዙ አየቻት። ከዚያ በጥፍሯ መሙያዋን ሳብ አድርጋ ሃያ ደቂቃ ወደ ኋላ መለሰቻት። አሮጊቷ ሰዓት ከስንት ዓመት በኋላ እውነት ተናገረች።

ሰውየው ከውሃ ወጥቶ እየተንገዳገደ ብስክሌቶቹ ወደተደረደሩበት ሲሮጥ፣ ሚስቱ በአጥሩ ላይ ተንጠራርታ ሰዓቷን አቀበለችው።

«ስማኝማ፣ ሰዓቷን…»

«አውቃለሁ» አለና ብስክሌቱን እየገፋ ሄደ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ ሄልሜቱን የኋላውን ወደ ፊት አድርጎ ነበርና አንድ አስተናባሪ አስቁሞ አዞረለት። እዚያው ቆሞ ሰዓቱን አየ፤ ልክ ሁለት ሰዓት። ሃያ ቀነሰ። አንድ ከአርባ። አምና አንድ ሰዓት ያህል የፈጀበትን ውሃ ዘንድሮ በአርባ ደቂቃ? ደጋግሞ ቀነሰ፤ መልሱ ያው ነው። ደስታው ሌላ ሆነ። «ዓሣ ሆኛለሁ» አለ ለአስተናባሪው። አስተናባሪው ከሱ በፊት ሰማንያ ሰው አሳልፎ ነበርና በእጁ ሂድ ሂድ አለው።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ሰውየው ከዚያ በኋላ ሰዓቷን ባየ ቁጥር ሃያ ደቂቃ ትርፍ እያገኘ እንደ ሀብታም ይነዳ ጀመር። ስድሳኛው ኪሎ ሜትር ላይ ጎማው ተንፍሶ መንገድ ዳር የተቀመጠ አንድ ወጣት ተወዳዳሪ አገኘ። የቆመ ነገር ነውና እንዴት ይለፈው? ወረደ። ጎማውን ፈታ፣ ቀዳዳውን ፈልጎ ለጠፈ፣ ነፋ፣ በዚያውም ሰንሰለቱን አጠበቀለት። ወጣቱ አመስግኖ ጥሎት በረረ፤ ዞር ብሎም አላየውም።

ሩጫው ላይ ጉልበቱ ከዳው። ቢሆንም ምን ችግር አለ፣ ጊዜ ሞልቷል። አራት ኪሎ ሜትር ሲቀረው ሰዓቷ ስምንት ከሃምሳ ትላለች፤ ሃያ ሲቀነስ ስምንት ተኩል፤ አንድ ሰዓት ሙሉ አለው። ይህማ በሽርሽርም ይደረሳል። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ግንባታ እንደሚጎበኝ ባለሥልጣን መራመድ ጀመረ። ውሃ ከሚያድሉት ልጃገረዶች ጋር ቆሞ በእጅ የሚሞላ ሰዓት ከባትሪው ለምን እንደሚበልጥ አስረዳቸው።

ሁለት ኪሎ ሜትር ሲቀረው ሚስቱና ልጁ መንገድ ዳር ቆመው አያቸው። ፈገግ ብሎ እጁን አውለበለበ። ሚስቱ ፊቷ ተለዋውጧል።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ምን አስቸኮለኝ? ገና ዘጠኝ አልሆነ።»

«ዘጠኝ ከሩብ ነው!»

«ሃያ ቀንሺለት እንጂ።»

ሚስቱ እጇን አናቷ ላይ ጫነች። «አስተካክያታለሁ እኮ። ስትዋኝ። ልነግርህ ስል አውቃለሁ ብለኸኝ ሄድክ።»

ሰውየው ሰዓቷን አየ። ዋናው አርባ ደቂቃ እንዳልነበረ ገባው። ዓሣነቱ እዚያው ላይ አበቃ። «ምነው?» አለ ድምፁ ሰልሎ። «ምነው ዛሬ?»

«ስንት ዓመት ሙሉ በሰዓት ስዋሽህ ኖርኩ። ዛሬ ሳልዋሽህም ትደርሳለህ ብዬ ነዋ። አምኜህ ነበር።»

ይህን ስትል እንባዋ መጣ። እሱም «አውቃለሁ» ሊል አፉን ከፍቶ ነበር፤ አላወቀምና ዘጋው።

«አባዬ፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ነው የቀረህ» አለች ልጁ። ቀጥላም «አሁን አሥራ አራት።»

ሮጠ። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ ጉልበትም እንደዚያው ነው። የባንኩ ዘበኛ ከኋላው አለ ብሎ አሰበ። ጎኑን ወጋው፣ አፉ ደረቀ፣ የግራ እግሩ ጣት ጥፍር ጫማው ውስጥ ተሰናበተ። ሊደርስ ስምንት መቶ ሜትር ሲቀረው አንድ ዳቦ ቤት መስኮት ላይ ትልቅ የግድግዳ ሰዓት አየ። አራት ከሩብ ላይ ቆሟል። ጣቶቹን በላው። የሰከንዱ ዘንግ አንዴ ወደ ፊት፣ አንዴ ወደ ኋላ እያለች ስትንቀጠቀጥ ከሩቅ ታየችው፤ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነበረች። ሰውየው ዓይኑን ወደ መሬት አድርጎ አለፈ። እንደዚህ ያለ ነገር አድርጎ አያውቅም፤ በሠርጉ ቀንም አላደረገው።

በሩ እንደተነፋ ቆሞ ነበር። አናቱ ላይ ያለው ትልቁ ሰዓት ዘጠኝ ከሃያ ዘጠኝ ደቂቃ ከሠላሳ ስምንት ሰከንድ ሲል ከሥሩ አለፈ። አልፎም በሩ እንዳይተኛበት ቀና ብሎ እያየ ጥቂት ራቅ አለ። ከዚያ አስፋልቱ ላይ ተዘርግቶ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ሚስቱ ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ ልጇን አስከትላ ስትደርስ የእጁን ሰዓት ከትልቁ ሰዓት ጋር ሲያስተያይ አገኘችው። «በሰከንድ አልሳትሽም» አላት። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ሜዳሊያውን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ዳቦ ቤት ወንበር ላይ ወጥቶ የታየ ሰው ነበር፤ ማን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም።

ማታ ቤት ሲገቡ፣ ከእንግዲህ ውሸት ይብቃ ብሎ የወጥ ቤቱንም የመኝታ ቤቱንም ሰዓት አስተካከለ። ሚስቱም ልጁም አጨበጨቡለት። ጠዋት ግን የለመደ አእምሯቸው ሰዓቶቹን እንደ ድሮው ቀንሶ አነበባቸው። ልጅቷ ትምህርት ቤት በር ተዘጋባት። ሚስቱ በሥራ ዘመኗ ለመጀመሪያ ጊዜ ዘግይታ መናኸሪያ ስትደርስ ሹፌሮቹ በሙሉ በመስኮቷ ፊት ተሰልፈው፣ አንገታቸውን ቀና አድርገው ተቀበሏት። እሱም ሜዳሊያውን በኪሱ ይዞ ሱቁ ሲደርስ ፀጉር አስተካካዩ በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

«እንኳን ደስ አለዎት። በጊዜ ደረሱ አሉ።»

«ደረስኩ» አለ ሰዓት ሠሪው ደረቱን ነፍቶ። «ስሜን መልስ።»

«ይመለሳል እንጂ» አለ ፀጉር አስተካካዩ ወደ ራሱ ሱቅ የግድግዳ ሰዓት አየት አድርጎ። «እንደምን አደሩ፣ ጋሽ ሃያ ደቂቃ።»

ሱቁን ነቅሎ አልሄደም። እንዲያውም በዚያ ቀን ከልቡ ሳቀ፤ ደርሷላ።

ማታ ቤተሰቡ ተሰብስቦ የወጥ ቤቱና የመኝታ ቤቱ ሰዓቶች ወደ ቀድሞ ውሸታቸው እንዲመለሱ በአንድ ድምፅ ተወሰነ። የእጁን ሰዓት ግን ማንም አልነካትም። አሁን ጠዋት ጠዋት ሚስቱ ልብሷን ለብሳ ስትጨርስ የግድግዳውን ሰዓት ቀና ብላም አታይም። «አንተ፣ ስንት ሰዓት ነው?» ትለዋለች። እሱ የእጁን አይቶ ይነግራታል። እሷም ሳትቀንስ ትወጣለች።