የመክሊት ጅራፍ

እቴነሽ ዛሬ ዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር ቢሮ ተቀምጣ ማህተም ትመታለች፤ ተማሪ ሁሉ ይፈራታል። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት እዚሁ ደብረ ታቦር ላይ ጉሮሮዋ እስኪሰነጠቅ የምትጮህ የፓንክ ሮክ ዘፋኝ ነበረች ቢባል ማን ያምናል?

ሦስት ሴቶች ነበሩ። እሷ ትዘፍናለች፣ ጽጌ ሁለት ክር የጎደለው ጊታር ትደበድባለች፣ መክሊት ከበሮ ትመታለች። ከበሮ ማለት እንግዲህ የተገለበጠ በርሜል ነው። የመጀመሪያ አልበማቸውን ሊቀዱ ሲሉ መክሊት «ይሄ በርሜል ልብ የለውም» ብላ የቃጫ ጅራፍ ይዛ መጣች። የቡሄ ሰሞን ስለነበር ከተማው በጅራፍ ይናጋል፤ የሚያጮኹት ግን ወንዶች ናቸው። ሴት ልጅ ጅራፍ ስታጮህ ቢያዩ የሰፈሩ ሰው መቼ ዝም ሊል! ስለዚህ ጽጌ የአጎቷን ወፍጮ ቤት ቁልፍ ለምና አመጣች፤ በሩን ከውስጥ ቆልፈው ሰባት ዘፈን በአንድ ከሰዓት በስልክ ቀዱ። ጅራፉ በጮኸ ቁጥር ጣሪያው ላይ የከረመው ዱቄት ይረግፍባቸው ነበር። ሲወጡ ሦስቱም ነጭ ሆነው ተያዩና መቆም እስኪያቅታቸው ሳቁ። እቴነሽ ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ስቃ አታውቅም። አይ ጊዜ!

ከዘፈኖቹ ሁሉ የሚብሰው «አላገባም» የሚለው ነበር። እሱን የጮኸችው መክሊት ራሷ ናት። ዓመት ሳይሞላ እናቷ እማማ አልጋነሽ ገሳይ ከተማ ለሚኖር ሰው ዳሯት። አምና ደግሞ ታማ ሞተች።

የሙት ዓመቷ በወጣ ማግስት እማማ አልጋነሽ እቴነሽን አስጠሯት።

«ፎቶዋስ አለኝ፤ ድምጿ ግን ከጆሮዬ እየጠፋብኝ ነው፣ ልጄ። አንቺ ዘንድ የቀረ ነገር የለም?»

እቴነሽን ጭንቅ ያዛት። የመክሊት ድምፅ ያለበት ዘፈን አንድ ብቻ ነው፤ እሱም «አላገባም»። ያንን ለዳረቻት እናት እንዴት ያሰሟታል? የለም እንዳትል ደግሞ አንጀቷ እንቢ አላት። ሳምንት ሙሉ ስትሸሻቸው ሰንብታ፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ስልኳን ይዛ ሄደች።

«እማማ፣ ቃሉ ክፉ ነው። እንዳይቀየሙኝ።»

«ክፈቺው።»

ጅራፉ ጮኸ። ከዚያ መክሊት በዱቄቱ እያሳለች፣ በሳሉ መሃል እየሳቀች፣ «አላገባም! አላገባም!» አለች። እቴነሽ ቀና ብላ ማየት አቃታት።

ዘፈኑ ሲያልቅ እማማ አልጋነሽ ነጠላቸውን ከአፋቸው ላይ አነሱ።

«ጅራፉን የገመድኩላት እኔ ነኝ» አሉ። «ወንድሞቿ ከልክለዋት አልቅሳ መጣች። ማንም እንዳያይሽ፣ ማንም እንዳይሰማሽ ብዬ ሰጠኋት። እኔም ሳልሰማት ቀረሁ።»

እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

«በይ ድገሚው። ድምፁንም ጨምሪው» አሉና ተነስተው በሩን ወለል አድርገው ከፈቱት።