ከየኔታ ጋር ቁራኛ

ሲይዙኝ ነጭ ጋዋኔን እንደለበስሁ ነበር። ክፍል ገብቼ ስለ እንቁራሪት ሳስተምር በሩ ተንኳኳና ሁለት ሰዎች "ለአንድ ደቂቃ እንፈልግሃለን" አሉኝ። ያቺ ደቂቃ በጋውን ሙሉ ፈጀች። ጥፋቴ ሐይቁ ዳር ካለ ሻይ ቤት የተናገርኋት ቀልድ ናት። ጣናን የወረረውን የእንቦጭ አረም እያየሁ "ባሕር ዳር ውስጥ ያለ ፈቃድ የሚሰበሰብ እሱ ብቻ ቀረ" ብዬ ነበር። ሁሉም ሳቀ። አንደኛው ግን ሳቁን ይዞ ሄዶ ሌላ ቦታ አራገፈው።

ያስገቡን የቆርቆሮ መጋዘን ነው። ቀን ጣሪያው ዶሮ ይጠብሳል። ሲመሽ ትንኙ ይመጣል፤ የጣና ዳር ትንኝ ደግሞ ሁለቱ ቢተባበሩ እኔን የሚያህል ሰው ተሸክመው ከሐይቁ ማዶ ደልጊ ያሻግራሉ። እንዲያውም ያን ሰሞን ባደረጉትና በተገላገልሁ! ሚስማር የበሳት ቀዳዳ ግድግዳው ላይ አለች፤ በእሷ ሐይቁ ይታያል። ማለቴ፣ ሐይቅ የነበረው አረንጓዴ ሜዳ።

ብዙ ነበርን። ቦታ ስለሌለ አንዱ ሲገላበጥ ሁላችንም እንገላበጣለን። በአንድ ጎኔ ከዘጌ የመጡ መሪጌታ ነበሩ፤ ሁሉም የኔታ ይላቸዋል። ለሞቱት ሁሉ ፍትሐት አድርሰው "የየትኛው ወገን ናቸው?" ብለው ስላልጠየቁ ነው የታሰሩት። የደብራቸው ንግሥ ተቃርቦ ነበር። ከልጅነታቸው ጀምሮ ማኅሌቱ አምልጧቸው አያውቅም፤ ከእስሩ ይልቅ የሚያንገበግባቸው እሱ ነበር። በሌላው ጎኔ የወረታ ሩዝ ነጋዴ የሆኑ ሐጂ ተኝተዋል። የሐጂ ወንጀል፣ መኪናቸው በሄደበት መንገድ ሌሎች ሰዎችም መሄዳቸው ነው።

ጠባቂው "ፖለቲካ ክልክል ነው፤ ሌላ ሌላውን አውሩ" አለን። እኛም ትእዛዝ አክባሪዎች ነንና ከዓለም ፍጥረት ጀመርን።

"ሐኪም ነህ?" አሉኝ የኔታ ጋዋኔን እያዩ።

"የለም የኔታ፣ የባዮሎጂ መምህር ነኝ።"

"ሰው ከጦጣ መጣ የምትሉት?"

"ከጦጣ አይደለም። እኛና ጦጣ አንድ የጥንት አያት እንጋራለን ነው የምንለው።"

"ይኸማ ባሰ!" አሉ። "አያት ከተጋራን ርስትም ልትካፈለን ነው።"

የጣናን ዓሣዎች አመጣሁባቸው። ከአንድ ዘር የወጡ ናቸው፣ እዚሁ ሐይቅ ውስጥ በረጅም ዘመን ተለያዩ፤ የአንዱ አፍ ወደ ላይ፣ የሌላው ወደ ታች፣ የሦስተኛው ከንፈር እንደ ትራስ የወፈረ ሆነ ብዬ በእጄ ጭምር አሳየሁ።

"ዓሣ ዓሣ ወለደ። ይኸን ማን ካደ?" አሉኝ። "ዓሣ ጦጣ የወለደች ለት ጥራኝ።"

ከዚያ ወደ ሙቀቱ ዞርን፤ እዚያ ጣሪያ ሥር ሆኖ ስለ ሙቀት አለማውራት አይቻልም። የዓለም አየር የሚሞቀው ከፋብሪካና ከመኪና ጭስ ነው አልሁ። እሳቸው ከኃጢአት ነው አሉ። እንቦጩን እኔ ከሙቀቱና ከየማሳው ታጥቦ ከሚገባው ማዳበሪያ ነው ስል፣ እሳቸው መቅሠፍት ነው አሉ።

"ማዳበሪያ ነው ካልህ እሺ ይሁን። ያለ ልክ ያፈሰሰው ሰውዬ ግን ኃጢአተኛ አይደለም?"

ሳል የያዘኝ መሰልሁ።

ሐጂ ደግሞ ሁለታችንንም አያምኑም። "የራዲዮ ትንበያ ሰምቼ ሩዜን አሰጣሁ፤ ዝናብ ጠርጎት ሄደ። ነገን ያላወቀ የመቶ ዓመቱን ይነግረኛል?"

"ሐጂ፣ አንድ ደንበኛ ነገ ይምጣ ይቅር አያውቁም" አልኋቸው። "ክረምት ሲገባ ገበያው እንደሚቀዘቅዝ ግን ያውቃሉ።"

ጢማቸውን ሲያሻሹ ቆዩ። "ይችስ ደህና ናት" አሉ።

የኔታና እኔ ግን አልበረድንም። ስንበላም ስንተኛም ስንነታረክ መጋዘኑን አሰለቸነው። በመጨረሻ ሐጂ ተነሡ።

"ሰው አላስተኛ አላችሁ። ዳኛ ያስፈልጋችኋል። እኔም የሰው አባት አደም ነው የምል ነኝ፤ ገለልተኛ አይደለሁም። ግን ሌላ ዳኛ የላችሁም።"

ድሮ ከሳሽና ተከሳሽ ዳኛው እስኪፈርድ ልብስ ለልብስ ይቋጠሩ ነበር፤ ቁራኛ ይባላል። ሐጂ የየኔታን ጋቢ ጫፍ ከጋዋኔ ጫፍ ጋር አጥብቀው ቋጠሩ። ሙግት ያለ ውርርድ አይሆንምና እኔ የሌለኝን በቅሎ፣ የኔታ የሌላቸውን አንድ ጉንዶ ማር አስያዝን። ለመጸዳጃ ብቻ ሐጂ በእጃቸው ይፈቱናል፤ ስንመለስ ይቋጥሩናል።

የኔታ ለጸሎት ሲነሡ ጋዋኔ ይጎተታል፤ አብሬ እቆማለሁ። ያን ሰሞን የቆምሁት ጸሎት ለሰባት ትውልዴ ይበቃል። እኔ ሐይቁን ለማየት ወደ ቀዳዳዋ ስሄድ ደግሞ እሳቸው ይጎተታሉ። በየተራ አንድ ዓይናችንን እየደቀንን እንቦጩ ምን ያህል እንደተጠጋ እንገምታለን። በእሱ ላይ አንድም ቀን አልተጣላንም።

ነገሩ የፈነዳው በአንድ ከሰዓት ነው።

"ዘጌ ጦጣ ስትሰርቅ ዕድሜዬን ሙሉ አይቻለሁ" አሉ የኔታ። "ንስሐ ስትገባ ግን አላየሁም። ሰውን የሚለየው ይኸ ነው።"

"ያሰሩንም ሲገቡ አላየንም እኮ፣ የኔታ" አልሁ።

መጋዘኑ በሳቅ ፈረሰ። ቆርቆሮ ደግሞ ሳቅ አይደብቅም።

የእስር ቤቱ ኃላፊ ራሱ መጣ። "ጦጣ የተባለው ማነው?" አለ። ማንም "አንተ ነህ" ሊለው አልደፈረም። ዓይኑ ቋጠሮው ላይ አረፈ። ስለ ምን እንደምንከራከር ጠባቂዎቹ ነግረውታል። ድምፁን አለሰለሰና ወደ የኔታ ጎንበስ አለ።

"አባታችን፣ ይኸ ሰው ሃይማኖትዎን ሰድቧል። ሰው ከእንስሳ መጣ ብሏል። ይኸንን ይመስክሩበትና ነገ በጠዋት ጀልባ ወደ ደብርዎ አደርስዎታለሁ። ለንግሡ ይደርሳሉ።"

ገባኝ። የቀልድ እስር በወራት ያልቃል። ሃይማኖት በመሳደብና ሕዝብ በማጋጨት የሚመጣው ክስ ግን በዓመታት የሚቆጠር ነው፤ የጎደለው የአንድ የተከበሩ አባት ቃል ብቻ ነበር። የኔታን አየኋቸው። የኔታ ቀዳዳዋን ያያሉ። ከዚያች ቀዳዳ ወዲያ ዘጌ አለ።

"የሚለው ስሕተት ነው" አሉ ቀስ ብለው። "የለየለት ስሕተት። ግን መልሴን ገና አልጨረስሁም። በእኛ ጉባኤ ተከራካሪ በመልስ ይረታል እንጂ በዱላ አይረታም። እናንተ ከወሰዳችሁት እኔ ማንን ልርታ?"

"አባ፣ ንግሡ..."

"ንግሡ የእግዚአብሔር ነው። ያለ እኔም ይነግሣል።"

ኃላፊው ቀና አለ። "ፍታቸው!" አለው ጠባቂውን። ጠባቂው ጎንበስ ሲል የኔታ መዳፋቸውን ቋጠሮው ላይ አሳረፉ።

"ዳኛ የቋጠረውን ዳኛ ይፈታዋል።"

"ዳኛው ማነው?"

ሐጂ ኮፍያቸውን አስተካክለው ተነሡ። "እኔ ነኝ።"

"ፍታቸው አልሁህ!" አለ ኃላፊው።

"ጉዳዩ ተጣርቶ አላለቀም" አሉ ሐጂ። "ለተጨማሪ ምርመራ ቀጠሮ ሰጥቼበታለሁ።"

ይህችን ቃል ሁላችንም በቃላችን እናውቃታለን። ፍርድ ቤት በቀረብን ቁጥር ኃላፊው የሚላት እሷኑ ነበር። አሁን የሳቀ የለም። ጠባቂው ብቻ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር።

"እንደተቋጠሩ ጨለማ ክፍል ክተቷቸው!"

ክፍሉ ሁለት ሰው ተጣጥፎ የሚገባበት ነው። አንድ ባልዲ አለ፤ አንዱ ሲጠቀም ሌላው ፊቱን ያዞራል።

"እንግዲህ" አሉ የኔታ በጨለማው ውስጥ፣ "ወደ ዓሣዋ እንመለስ።"

የንግሡ ዕለት መድረሱን ከተማው ውስጥ በሩቅ በሚሰማው ደወል አወቅን። የኔታ ተነሡና በለሆሳስ ማኅሌቱን ጀመሩ። ከበሮ የለ፣ ጸናጽል የለ፤ ወዲያና ወዲህ ሲሉ ጋዋኔ ይጎተታል። እኔም አብሬ ወዲያና ወዲህ አልሁ። የጦጣ ዘመድ ሲያሸበሽብ ያዩ ብቸኛው መሪጌታ እሳቸው ናቸው።

ከሳምንታት በኋላ ጠባቂው በሩን ከፍቶ "መምህር፣ ተፈትተሃል" አለኝ። ቋጠሮው በላብ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። ጠባቂው ካራ አወጣ።

"ዳኛው ይጠራ" አልሁ።

"አብደሃል? ውጣ እያልሁህ!"

"ዳኛው ካልተጠራ አልወጣም።"

ያ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ያየሁት ጠባቂ ነበር። ግራ ቀኝ አይቶ ሄደና ሐጂን ይዟቸው መጣ። ሐጂ ተንበርክከው ቋጠሮውን በጥርሳቸው ፈቱት።

"ሙግቱ አልተዘጋም" አሉኝ። "በዋስ ለቅቄሃለሁ። ዋስህ ማነው?"

"እኔ" አሉ የኔታ ከጨለማው።

ሐጂና የኔታ ከእኔ በኋላ ብዙ ቆይተው ወጡ። እኔ ዛሬም ያንኑ ትምህርት በዚያው ጋዋን አስተምራለሁ። ጫፉ ላይ የቀረውን ጭምዳድ ካውያ አይዘረጋውም። ስለ ጦጣዋ ልክ እንደሆንሁ አውቃለሁ፤ የኔታም ልክ እንደሆኑ ያውቃሉ። ማን እንደተረታ የሚጠይቀኝ አለ። በዚያ መጋዘን የተረታው ሰው ክርክር ውስጥ አልነበረም።

የዋስ ግዴታ አለብኝና ሰንበት ሲሆን በጀልባ ዘጌ እሻገራለሁ። እንቦጩ ሞተሩን ሲጠልፈው ባለ ጀልባው ይራገማል፤ አሁንም ያለ ፈቃድ እየተሰበሰበ ነው፣ አሁንም ጮክ ብዬ እናገረዋለሁ። የኔታ ከደጃፋቸው ሆነው ገና ከሩቅ ያዩኛል።

"ዓሣዋ ወለደች?"

"ገና ናት፣ የኔታ።"

"እንግዲያው ተቀመጥ" ይሉና የጋቢያቸውን ጫፍ ይዘረጉልኛል።