ጋሼ ያላበረሩት በረራ

አጎቴ ጡረታ ከወጡ በኋላ አሰላ ቤታቸው ሳሎን ውስጥ ሆነው በኮምፒውተር አውሮፕላን ያበሩ ነበር። በኮምፒውተር የሚያበሩ ሰዎች የበረራ ሰዓታቸውን ወደሚያስመዘግቡበት የምናባዊ አየር መንገድ ማኅበራችን ያስገቡኝም እርሳቸው ናቸው። አውሮፕላኑ መሬት ሳይነካ ከወንበራቸው አይነሱም ነበር።

አንድ ቀን ሽማግሌዎች ከሳጉሬ መጡ። እንግዳ ቆሞ መቀበል ወጋችን ነው፤ እርሳቸው ግን ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳያነሱ፣ "ቆዩኝ፣ ሰው አሳፍሬያለሁ" አሏቸው። አፈርኩ።

"ጋሼ፣ የምን ሰው? ጨዋታ እኮ ነው!"

"አንተ የሚያይህ ሰው ከሌለ ትዋሻለህ ማለት ነው?"

ልጆቼን እስከ ዛሬ የምገሥጸው በዚሁ ቃል ነው።

ሲሞቱ የበረራ መዝገባቸው እንዳይጠፋ ብዬ የይለፍ ቃላቸውን ለማኅበሩ ኃላፊዎች ሰጠሁ። የዓመቱ ሪፖርት ሲወጣ ጋሼ በበረራ ሰዓት አንደኛ ሆነዋል፤ ከተቀበሩ በኋላም በየሳምንቱ ሲያበሩ ከርመዋል! ኃላፊዎቹን ብጠይቅ፣ "ለክብራቸው ብለን ነው" አሉኝ። ለካ በእርሳቸው ስም አውሮፕላን እያስነሱ፣ በራሱ እንዲሄድ ትተውት ወደ ጉዳያቸው ይወጡ ኖሯል። አምኜ የሰጠኋቸው እኔ ነኝና ጥፋቱ የእኔም ነው።

የጋሼ ወንበር ባዶ ነው፤ ባዶነቱ እውነት ስለሆነ እችለዋለሁ። በውሸት ተሞልቶ ማየት ግን አልችልም። ከሞታቸው ወዲህ የተመዘገበው በሙሉ እንዲሰረዝ ጠየቅሁ።

"ማኅበራችን ከሌሎቹ ጋር ሲወዳደር ደረጃው ይወርዳል" አሉኝ።

ይውረድ።