የብርጭቆ ወረቀትና የጎማ ቁራጭ

ቄራ አካባቢ ከአንድ ወዳጄ ጋር የእንጨት ሥራ ቤት ነበረን። መላጉና መፈተጉ የኔ፣ ቫርኒሹ የሱ። የብርጭቆ ወረቀት እንደኔ የሚያቆይ አልነበረም፤ ያን ጊዜ ይህን ስናገር ኩራት ይሰማኝ ነበር። አንዱን ሉህ አራት ቦታ ቀድጄ፣ ከጀርባው አቡጀዲ በኮላ እለጥፍበታለሁ፤ እንዲያ ከሆነ ሲታጠፍ አይሰነጠቅም። ጠንካራ እንጨት ላይ ደግሞ ወረቀቱ ቶሎ የሚሞተው አሸዋው አልቆ ሳይሆን ዱቄቱ ደፍኖት ነው። እጅ ሳያከብዱ መፈተግ፣ ቶሎ ቶሎ ማራገፍ፣ ከዚያ የወረቀቱን ፊት በነጭ የጎማ ጫማ ሶል ጠረግ ጠረግ ማድረግ ነው። ቆሻሻው እየተንከባለለ ይወጣል።

ወዳጄ ይስቅብኛል። «አንተ እኮ ይቺን ቁራጭ ለልጅ ልጅህ ነው የምታወርሳት!»

አንድ ጊዜ ካዛንቺስ የሚኖሩ አንዲት እናት የዋንዛ ጠረጴዛ አዘዙን። እሁድ ለልጃቸው ሽማግሌ ሊመጣ ነው፤ እንግዶቹ የሚቀመጡት እሱን ከበው ነው። ነጩ ሶል አልቆብኝ ስለነበር ከአሮጌ በረባሶ የተቆረጠ የመኪና ጎማ አነሳሁ።

«ተው፣ ጥቁሩ እንጨቱ ውስጥ ይገባል» አለኝ ወዳጄ። «አዲስ ወረቀት አውጣ፣ በቃ።»

«አንተ ቅብህን ቀባ» አልኩት።

ጎማው እየተፈረፈረ ወረቀቱ ላይ ቀርቶ ኖሯል። እንጨቱ ላይ ሳየው አቧራ መስሎኝ በጨርቅ ጠረግኩት። ቫርኒሹ ሲያርፍበት ግን መሀል ገጹ ላይ ጭስ የመሰለ ጥቁረት ብቅ አለ።

እኒያ እናት ሥራውን ሊያዩ የመጡት ቫርኒሹ ገና ሳይደርቅ ነው። ነጠላቸውን ሰብስበው ጎንበስ አሉ። «ምነው፣ የተቃጠለ ይመስላል?»

«ቅቡ ነው እመቤቴ» አልኩና በአገጬ ወደ ወዳጄ ጠቆምኩ። ማንም አላስገደደኝም።

ወዳጄ ብሩሹን እንደያዘ አየኝ። ጎማው እግሬ ሥር ወድቋል። አንድ ቃል ቢናገር አልቆልኝ ነበር። እሱ ግን «ይቅርታ እናቴ፣ ለእሁድ ይደርሳል» ብቻ አለ። ሲሄዱ አዳዲስ ወረቀት አውጥቶ፣ ቫርኒሹን ፍቆ፣ ጥቁሩ እስኪጠፋ ድረስ ራሱ ፈተገው። ልርዳህ ስለው «አረፍ በል» አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ጠረጴዛው ለእሁድ ደረሰ። ሴትዮዋ ግን «ቀቢው ያበላሻል» ብለው ለሰፈሩ አወሩ፤ ከካዛንቺስ የሚመጣው ሰው ሁሉ ሌላ ሰው ይቀባልኝ ይል ጀመር። እኔም ዝም። ዓመት ሳይሞላ ወዳጄ ድርሻውን ትቶ ጎተራ አካባቢ በሌላ ሰው የእንጨት ሥራ ቤት ተቀጠረ።

ከብዙ ዓመት በኋላ ኡራኤል ደጃፍ እኒያን እናት አገኘኋቸውና ጥፋቱ የኔ እንደነበር ነገርኳቸው። «የቱ ጠረጴዛ?» አሉኝ። ለሳቸው መናገሩ ቀሎኝ ነው እንጂ፣ የሚገባውስ ለሌላ ሰው ነበር።

ወዳጄ ዛሬም አለ። በየበዓሉ የሚደውለው እሱ ነው። ስለ ወገቤ ይጠይቀኛል፣ ስለ ዓይኑ እጠይቀዋለሁ። ስልኩን ስዘጋ፣ ዛሬም ይቅር በለኝ ሳልለው ቀረሁ እላለሁ።