ለእንግዳ የሚከፈተው ማሽን

ቦንጋ ዩኒቨርሲቲ ሥራ የጀመርኩ ቀን ዝናብ ነበር። ዝናብ የማያጣት የደካ ልጅ ነኝና አይገርመኝም፤ ያነሣሁት ኋላ ስለሚያስፈልገኝ ነው። የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊው ጋሽ ወልዴ ቤተ ሙከራውን ከፍተው ሁለት ማሽን አሳዩኝ። አንዱ ፓምፑ የተቃጠለ አሮጌ ነው። ሌላው ገና ከሳጥኑ አልወጣም።

«ይሄ ምንድነው የሚሠራው ዶክተር?» አሉኝ አዲሱን እየነኩ።

«ከውስጡ አየር ያወጣል።»

«አየር ለማውጣት መስኮት አይበቃም?»

ሳቅሁባቸው። ኋላ ከስንቱ ኃላፊ ስንት ጥያቄ ስሰማ የጋሽ ወልዴ ናፈቀኝ።

ሥራዬ የማግኔት ስስ ሽፋን ማጥናት ነው። ኒኬልና ብረት በማሽኑ ሆድ ውስጥ እናተንንና ትንሽ መስታወት ላይ እናሳርፋለን። ሽፋኑ ከፀጉር እጅግ የሳሳ ነው። ከዚያ ማግኔትነቱ እንዴት እንደሚገለበጥ እንለካለን። ታዲያ በማሽኑ ሆድ ውስጥ ጥቂት እርጥበት ከቀረ ሽፋኑ ይበላሻል፣ ልፋታችን ገደል ገባ ማለት ነው። የቦንጋ እርጥበት ደግሞ የብረቱ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ አልወጣም ይላል። ፓምፑ ለቀናት ይስበዋል። መሐል ላይ መብራት ከጠፋ እንደገና ነው።

መብራቱንስ ለመድነው። ያስቸገረን እንግዳ ነው፤ ማሽኑ አንዴ ከተከፈተ አየሩም እርጥበቱም ተመልሶ ይገባል።

አንድ ጊዜ ዲናችን እንግዶች ይዘው መጡ። ፓምፑ ስቦ ስቦ ሊጨርስ ተቃርቧል። ዋናው እንግዳ «እስቲ ውስጡን እንየው» አሉ።

«ዶክተር፣ ክፈቱላቸው እንጂ!» አሉኝ ዲኑ። «እንግዳ ጠርቶ በር መዝጋት ምን ይባላል?»

ምን ይባላል? ከፈትኩ። እንግዳው አንገታቸውን አስገብተው ዞር ዞር አሉና «ባዶ ነው እንዴ?» አሉ።

«ቅድም ነበር ባዶ» አልኩ በሆዴ። በአፌ ያልኩት «አዎ ጌታዬ» ነው።

«ጎበዞች! በርቱ!» ብለውን ወጡ። ተማሪዬ አስቴር ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ አለቀሰች። እኔም ምሳ ሳልበላ ዋልኩ።

እንግዶቹ መምጣት አልተዉም። ስለዚህ መላ ፈጠርን። አሮጌውን ማሽን ወለወልነው፣ ሆዱ ውስጥ ሰማያዊ አምፖል ሰቀልን፣ ከኋላው ድምፅ እንዲያሰማ ማራገቢያ አሠርን። የሚሠራውን ጥግ ወስደን አሮጌ አንሶላ ደረብንበት። እንግዳ በመጣ ቁጥር የሞተውን እንከፍታለን። «ወይ ጉድ፣ እንዴት ያምራል!» ይላሉ። ዲኑ ከአምፖሉ ጎን ቆመው የተነሡት ፎቶ ኮሪደር ላይ ተሰቀለ። ሕያው ሆኖ እንደዚያ የተከበረ ማሽን አላየሁም።

አስቴር የማስተርስ ጽሑፏን ልትጨርስ አንድ ሽፋን ቀራት። አዲስ አበባ የሚለካላት ላቦራቶሪ ቀን ሰጥቷታል፤ ቀኑ ካለፈ ተራዋ ያልፋል፣ ያገኘችው የዶክትሬት ዕድልም አብሮ ያልፋል። ፓምፑ አንሶላው ሥር እየሳበ ነው። በዚያው ሳምንት ገምጋሚዎች ይመጣሉ ተባለና ዲኑ ጋሪ የያዙ ሠራተኞች አስከትለው ገቡ።

«ያንን አንሶላ የለበሰ ቆሻሻ አውጡልኝ!»

አስቴር ማሽኑ ፊት ቆመች። እኔም «ዶክተር፣ የሚሠራው እሱ ነው» አልኩ።

«ታዲያ ያኛው?»

«ያኛው... አምፖል ነው።»

ዲኑ ሰማያዊውን መብራት አዩ፣ አንሶላውን አዩ፣ ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ፎቶዬ እኮ ኮሪደር ላይ ነው!» አሉ። ከዚያ ወረቀት አስመጡና በገዛ እጃቸው «ከአገልግሎት ውጪ» ብለው ጽፈው በሚሠራው ማሽን ላይ ለጠፉ። ሠራተኞቹን በባዶ ጋሪ መለሷቸው።

ምን ይባላል! ያ ወረቀት ከአንሶላው ይበልጥ ጠበቀን። ገምጋሚዎቹ አንብበው አዘኑለትና ወደ አምፖሉ አለፉ። አስቴር ሽፋኗን ከአገልግሎት ውጪ ከሆነው ማሽን አውጥታ፣ በጥጥ ጠቅልላ፣ በቀኗ አዲስ አበባ ደረሰች።

ዶክተር ሆና ስትመለስ እኔ ጡረታ ልወጣ ስሰናዳ ነበር። ቤተ ሙከራውን አስረከብኳት፤ አምፖሉን፣ ማራገቢያውን፣ ወረቀቱን ሳይቀር። ሳቀችና ሦስቱንም ካርቶን ውስጥ ከተተች።

ወዲያው አዲሱ ዲን እንግዶች ይዘው ገቡ። ፓምፑ እየሳበ ነው። አንዱ እንግዳ «እስቲ ውስጡን እንየው» አሉ። እኔ ከልማዴ ወደ ካርቶኑ ተንቀሳቀስኩ።

«አይከፈትም» አለች አስቴር። «ሥራ ላይ ነው።»

ሰማይ የሚደፋብን መስሎኝ ነበር። እንግዳው «እሺ፣ ይቅርታ» ብለው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። ዲኑም እንግዶቹን ወደ ቀጣዩ ክፍል መሩ። ጉብኝቱ ቀጠለ።

ይህችን አንዲት ቃል ባለማለቴ ስንት ዓመት አምፖል ስወለውል ኖርኩ። ወደዚህ ሥራ የምትመጡ ልጆች፣ ፓምፑን ማንም ያስተምራችኋል። «አይከፈትም» ማለት ግን ይቻላል፤ እኔ ያወቅኩት በጡረታዬ ዋዜማ ነው።