ዛሬን ትሳቅ

ደጃፌ ላይ የወደቀውን እርጥብ ቅጠል ስጠርግ፣ ሽታው እየጎተተ የፖቶማክ ወንዝ ሸለቆ ውስጥ አገባኝ።

ስምንት ዓመቴ ነበር። ቅዳሜ ከሥራ ቀርቶ የማያውቀው አባቴ፣ ድንገት "ዛሬ ኦፍ ነኝ፤ ቅጠል እንይ" ብሎ እኔንና እናቴን፣ አሜሪካ ከምንኖርባት ከስፕሪንግፊልድ ከተማ ይዞን ወጣ። ሸለቆው ከላይ እስከ ታች ቀይና ቢጫ ለብሷል። እናቴ ጫማዋ በጭቃ ተለውሶ፣ ባንሸራተታት ቁጥር እየሳቀች ቀያዮቹን ትለቅማለች።

"ለእናቴ ነው" አለች። "አገር ቤት የሚሄድ ሰው ሳገኝ እልክላታለሁ።"

አባቴ ፊቱን ወደ ወንዙ አዞረ። በርዶኝ ስለነበር "እንሂድ" ብዬ እጁን ጎተትኩት።

"ተያት" አለኝ ቀስ ብሎ። "ዛሬን ትሳቅ።"

ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም።

በማግስቱ ገና ሳይነጋ በራችን ተንኳኳ። ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶችና ሽማግሌዎች ገቡ። አያቴ ካረፉ ሳምንት ሆኗቸው ኖሯል። መርዶ በማለዳ፣ ሰው ተሰብስቦ ነውና የሚነገረው፣ አባቴ እስከዚያ በሆዱ ይዞት ከርሟል። ቅጠሎቹ እንዲደርቁ ጠረጴዛው ላይ እንደተዘረጉ ነበሩ። እናቴ አልቅሳ አልቅሳ ሲደክማት ወደ እሱ ዞረች።

"ትናንት ስስቅ ታውቅ ነበር?"

አባቴ ቅጠሎቹን አንድ በአንድ ከጠረጴዛው ላይ ማንሳት ጀመረ።

ዛሬ አባቴም የለም። መጥረጊያውን አስደግፌ ለእናቴ ደወልኩላት።

"እማዬ፣ ዛፉ ሁሉ ቀልቷል። ቅዳሜ ልምጣና ሸለቆው ድረስ ልውሰድሽ?"

ወንበር ስባ ስትቀመጥ በስልኩ ተሰማኝ።

"ማን ሞተ?" አለችኝ።